ለትንሽ ወንዝ ትራውት አጭርና ቀላል ዘንግ እንዴት ይመረጣል?

ብርዱ አልፎ ዛፉ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች መውጣት እናበዛለን። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ለእግር ጉዞና ለፎቶ ነው። ጥቂቱ ግን ትራውት የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ፣ ማለትም ለፍላይ፣ ዘንግ ይዞ ይሄዳል፣ ቁጥሩም እየጨመረ ነው። ጀማሪው ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ለነዚያ ጠባብ ጅረቶች የትኛውን ዘንግ ልግዛ?

የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «አጭርና ቀላል» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ወንዙ ትንሽ፣ ዓሣው ትንሽ፣ ስለዚህ ዘንጉም ከሁሉ ትንሹ ይሁን ብሎ የገዛ ሰው ጅረቱ ዳር ሲቆም ዝንቡ አልሄድ ይለዋል። ዘንጉ ተበላሽቶ አይደለም። የተሠራበት ሁኔታና እሱ የቆመበት ቦታ ስላልተገናኙ ነው። ይህ ከገባችሁ የሱቅ ሻጭ የሚነግራችሁን ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

የፍላይ ዘንግ ከሌላው በምን ይለያል?

በተለመደው ማጥመጃ የሚወረወረው ጫፍ ላይ ያለው ክብደት ነው። እርሳስ ወይም ብረት ይታሰራል፣ ይወረወራል፣ ቀጭኑን ክር ጎትቶ ይሄዳል። በፍላይ ግን ጫፉ ላይ ያለው ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ላባ ብትወረውሩ የት ይደርሳል? ስለዚህ በፍላይ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ወፈር ያለ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ገመድ ነው፤ ዝንቡ እሱን ተከትሎ ይሄዳል።

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ላይ ከባድ ነገር ስላለ አይደለም፤ ከእጅ የተነሳው ኃይል በገመዱ እየተጓዘ ጫፉ ድረስ ስለሚደርስ ነው። የፍላይ ገመድም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ በእጅና በገመዱ መካከል የሚለመጥ ዘንግ መኖሩ ነው። ገመዱ ወደ ኋላ ሄዶ ሲዘረጋና ወደ ፊት ስትስቡት በክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል። ዘንጉ ሲቃና ገመዱን ይልከዋል። ገመዱ ክብደት ካጣ ዘንጉ አይጎብጥም። ዘንጉ ካልጎበጠ ደግሞ ሥራው በሙሉ ክንዳችሁ ላይ ይወድቃል፣ ክንድ ብቻውን ደግሞ ዝንቡን የፈለጋችሁት ቦታ አያደርሰውም።

የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንድን ነው?

እጀታው አጠገብ «7 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ቁጥር 3፣ 4 ቁራጭ» ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው፣ 2.3 ሜትር ገደማ። የመጨረሻው በስንት ተከፍሎ እንደሚታሸግ ነው። ሰው የሚሳሳተው በመሃለኛው ነው። ቁጥር 3 ማለት የዘንጉ ክብደት አይደለም፤ ዘንጉ እንዲወረውር የተሠራው ገመድ ክብደት ነው።

ይህ ክብደት የሚለካው የገመዱን የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህሉን በመመዘን ነው። ቁጥር 1 ወደ 4 ግራም ነው። ቁጥር 2 ከ5 ግራም ትንሽ ያልፋል፣ ቁጥር 3 ደግሞ 6.5 ግራም ነው። ቁጥር 4 ለ8 ግራም ጥቂት ይቀረዋል። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በብዛት የሚሸጠው ቁጥር 5 ወደ 9 ግራም ይደርሳል። እጅግ ቀላል የሚባሉት እንግዲህ ከ3 ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ናቸው። ሴጅ የተባለው አምራች ከዜሮም ወርዶ «ሦስት ዜሮ» የሚል ዘንግ ሠርቶ ያውቃል።

አሁን ያቺን 9 ሜትር ያዙልኝ። ሸናንዶዋ ውስጥ በጠባቡ ጅረት ላይ ቆማችኋል እንበል። ትራውቱ ከእናንተ 6 ሜትር ርቆ ከድንጋይ ሥር ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ ይህ ራሱ ረጅም ውርወራ ነው። ከ6ቱ ሜትር ሁለቱን የተዘረጋው ክንዳችሁና ወደ ላይ ያዘነበለው ዘንግ ይሸፍኑታል። ገመዱን ከዝንቡ ጋር የሚያገናኘው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው የማይታይ ክር 2.3 ሜትር ነው። የቀረው ሁለት ሜትር የማይሞላ ገመድ ነው። ገመዱ ቁጥር 3 ከሆነ ያቺ ቁራጭ 1.5 ግራም እንኳ አትመዝንም፤ ገመዱ ጫፉ አካባቢ ስለሚቀጥን እንዲያውም ከዚያ ታንሳለች። ዘንጉ የተሠራው 6.5 ግራም ሲጎትተው እንዲጎብጥ ነው፣ እናንተ የሰጣችሁት ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይሆንም።

«ቀላል ዘንግ ገዛሁ፣ ለምን አይወረውርም?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ዘንጉ ቀላል ነው፣ ገመዱም ቀላል ነው፣ ርቀቱ ደግሞ ከሁለቱም በላይ አጭር ነው። ስለዚህ ለትንሽ ወንዝ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው አይደለም። በትንሽ ገመድ ይጎብጣል ወይ የሚለው ነው።

በትንሽ ገመድ የሚጎብጠው የትኛው ነው?

ዘንጎች አጎባበጣቸው ይለያያል። ጫፋቸው አካባቢ ብቻ የሚጎብጡና ቶሎ የሚቃኑ አሉ፤ ፈጣን ይባላሉ። እስከ እጀታው ድረስ የሚለመጡም አሉ፤ ዝግተኛ ወይም ለስላሳ ይባላሉ። ፈጣኑ ለሩቅ ውርወራና ለነፋስ ጥሩ ነው። ለጠባብ ጅረት ግን ለስላሳው ይበልጣል፣ ምክንያቱም አንድ ግራም ተኩል እንኳ ሲጎትተው ይሰማዋል፣ እናንተም እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ይህ ወደ መሥሪያው ይወስደናል። የድሮዎቹ ዘንጎች ከቀርከሃ የሚሠሩ ነበሩ፣ ዛሬም በእጅ የሚሠሩ አሉ፣ ዋጋቸው ግን ለጀማሪ አይቀመስም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋይበርግላስ መጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ካርቦን ገበያውን ወሰደው፤ ቀለለ፣ ጠነከረ፣ ራቅ አድርጎ ወረወረ። ለትልቅ ወንዝ የተሻለ ነገር ነበር። ለትንሽ ጅረት ግን የፋይበርግላስ መለመጥ የሚፈለግ ጠባይ ሆኖ ስለተገኘ አምራቾች መልሰው መሥራት ጀምረዋል። ኦርቪስም፣ ሬዲንግተንም፣ ኤኮም የፋይበርግላስ ዘንግ ይዘው ወጥተዋል።

ካርቦን ሁሉ ለጠባብ ጅረት አይሆንም ማለት ግን አይደለም። ለስላሳ ተደርጎ የሚሠራ ካርቦን አለ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ከፋይበርግላስም ይቀላል። ችግሩ ሱቅ ውስጥ ማንም ዘንግ አንስቶ ሲያወዛውዝ ጠንካራው ደስ ማለቱ ነው። በባዶው ስትነቀንቁት ሹል ያለ፣ ቶሎ የሚቆም ዘንግ ጥራት ያለው ይመስላል፣ ለስላሳው ደግሞ የላላ ይመስላል። በባዶው አትፍረዱ። ማጠንጠኛ (ገመዱ የሚጠቀለልበት ዕቃ) እና ገመድ እንዲገጥሙላችሁ ጠይቁ፣ ውጭ ወጥታችሁ ያን ቀጭን ክርና ሁለት ሜትር ገመድ ብቻ አውጥታችሁ ወርውሩ። ዘንጉ በዚህች ብቻ ገመዱን ቀጥ አድርጎ ከዘረጋው ለጅረት ይሆናል። ለመወርወር እጃችሁን በኃይል መምታት ካስፈለጋችሁ፣ ሳር ላይ 15 ሜትር ቢወረውርም ለእናንተ አይሆንም።

ዘንግ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ቀላል መፍትሔ አላችሁ። በቁጥር 3 ዘንግ ላይ ቁጥር 4 ገመድ ግጠሙ። በአጭር ርቀት የጎደለውን ክብደት በከፊል ይሞላል፣ ዘንጉም አይጎዳም። ብዙ የጅረት ሰዎች የሚያደርጉት ነው።

ታዲያ አጭርነቱ ለምን ያስፈልጋል?

ከላይ ባለው ቅጠል የተነሳ። ለዚህ ራፒዳንን ላንሳ። ከሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ የሚነሳ ወንዝ ነው፤ ሚል ፕሮንግና ሎሬል ፕሮንግ የሚባሉ ሁለት ጅረቶች ሲገናኙ ይጀምራል። መገናኛው ላይ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 የማረፊያ ካምፕ አሠርተዋል። ቦታው ሲመረጥ ለዋሽንግተን ቅርብ እንዲሆን፣ ትንኝ እንዳይኖርበት ከፍታ ላይ እንዲሆንና የትራውት ወንዝ እንዲኖረው ነበር የፈለጉት። ሁቨር ፍላይ ወዳጅ ነበሩ። ካምፑ ዛሬም አለ፣ በእግር ይደረሳል።

እዚያ ጅረቱ በድንጋይ መካከል እየወረደ በየጥቂት እርምጃው ትንሽ ኩሬ ይሠራል። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው። ከላይ የዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ጣሪያ ዘግቶታል። ዘንጉን ወደ ኋላ ስትስቡ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ከሆነ ጫፉ ቅርንጫፍ ይመታል። 7 ጫማ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ታተርፋላችሁ። ትንሽ ቢመስልም ዝንቡ ዛፍ ላይ በመሰቀልና ውሃ ላይ በማረፍ መካከል ያለው ልዩነት ያ ነው። ለዚህ ነው ከ6 እስከ 7 ጫማ ተኩል ያሉ ዘንጎች ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚመረጡት።

ወደ ኋላ ጨርሶ ቦታ ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ዝንቡን በሁለት ጣት፣ መንጠቆው መታጠፊያ ላይ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ትስባላችሁ። ዘንጉ ይጎብጣል። ጫፉን ወደ ኩሬው አነጣጥራችሁ ትለቃላችሁ፣ ዝንቡ እንደ ቀስት ይሄዳል። ለስላሳ ዘንግ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፣ በቀላሉ ይለመጣል። መንጠቆው ጣታችሁን እንዳይዝ ግን አያያዙን ቤት ውስጥ ተለማመዱ።

አጭር ዘንግ የሚያሳጣኝ ነገር አለ?

አለ፣ ይህን ደግሞ ሻጮች ብዙም አያነሱትም። ትራውት የሚጠራጠረው ዝንቡ ከውሃው ፍጥነት ሲለይ ነው። ውሃ ላይ የወደቀ እውነተኛ ነፍሳት ከውሃው ጋር እኩል ይሄዳል። በእናንተና በዓሣው መካከል ፈጣን ውሃ ካለና ገመዳችሁ እዚያ ላይ ካረፈ፣ ገመዱን ይወስደዋል፣ ገመዱ ዝንቡን ይጎትተዋል፣ ዓሣው ያያል፣ ይሸሻል። ረጅም ዘንግ ገመዱን ከውሃው ከፍ አድርጎ ለመያዝ ያስችላል። አጭሩ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ክፍት በሆነ፣ ድንጋዩ ግን በበዛበት ጅረት ላይ 8 ጫማ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ወንዙ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አጭር ዘንግ አያስፈልገውም። አጭር የሚያደርገው ጣሪያው ነው።

ቴንካራ የሚባለው የጃፓን የፍላይ ማጥመጃ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ማጠንጠኛ የለውም፣ ገመዱ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ዘንጉ 3 ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። የተፈጠረው ለተራራ ጅረት ነው። ርዝመቱ ገመዱን ከውሃ ለማንሳት ነው። ቅጠል የዘጋው ቦታ ላይ ያስቸግራል፣ ክፍት ኩሬ ላይ ግን በጣም ውጤታማ ነው።

ባሌ ላይስ ይሠራል?

ትራውት በኢትዮጵያም አለ። የአገሩ ዓሣ አይደለም፣ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ነው፤ ዳንካና ወይብ ላይ ሰዎች ለማጥመድ ይሄዳሉ። «ትንሽ የትራውት ወንዝ» የሚለው ስም ለዳንካም ለራፒዳንም ይሆናል። ቦታው ግን ፍጹም ሌላ ነው። ባሌ ከፍታው ላይ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ሳርና አጫጭር ቁጥቋጦ፣ ነፋሱም ኃይለኛ። ከላይ የሚይዝ ቅርንጫፍ በሌለበት የአጭር ዘንግ ጥቅም ይጠፋል፣ ጉዳቱ ብቻ ይቀራል። ዳሩም ክፍት ስለሆነ ዓሣው እንዳያያችሁ ራቅ ብላችሁ መወርወር አለባችሁ። ቁጥር 2 ገመድ ነፋስ ላይ መልሶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ዘንግ ለመያዝ ካሰባችሁ ከ8 ጫማ ተኩል እስከ 9 ጫማ፣ ቁጥር 4 ወይም 5 ያዙ። ፈቃዱንም ቀድማችሁ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ከቁጥር 3 በታች መውረድ ያዋጣል?

ለአንዳንድ ሰው አዎ። ሸናንዶዋ ውስጥ የምታገኙት ብሩክ ትራውት ነው፤ የቨርጂኒያ የግዛት ዓሣ ነው፣ የአካባቢው ተወላጅም ነው። አብዛኛው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ጀርባው ላይ የተጠማዘዘ ቢጫማ መስመር አለው፣ የታችኞቹ ክንፎቹ ጠርዝ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ ከውሃ ሳታወጡት እንኳ በዚያ ትለዩታላችሁ። ይህን የሚያክል ዓሣ በቁጥር 5 ዘንግ ብትይዙት ትግሉ አይሰማችሁም። በቁጥር 2 እያንዳንዱ መንፈራገጥ መዳፋችሁ ላይ ይደርሳል። ያ ደስታ የቀላል ዘንግ ትልቁ ጥቅም ነው፣ ማንም ሊንቀው አይገባም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ነፋስ ነው። ሁለተኛው ዝንቡ ነው፤ ወደ ታች እንዲሰምጥ ክብደት የተጨመረበት ዝንብ ለቀላል ገመድ ይከብዳል፣ ውርወራውን ያበላሻል። በቁጥር 1 ወይም 2 የምትወረውሩት ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ትንሽና ቀላል ዝንብ መሆን አለበት። ሦስተኛውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ዓሣው ነው። ዘንጉ በለሰለሰ ቁጥር ዓሣውን ማምጣት ይረዝማል፣ በተለይ ከተለመደው ያለፈ ትልቅ ከመጣ። የደከመ ትራውት ብትለቁትም ሊሞት ይችላል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ስለሚያንስ የባሰ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቴርሞሜትር ያዙ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ዘንጉን ሰብስቡ።

በርግጥ አጭር ዘንግ ትልቅ ዓሣ አይችልም ማለት አይደለም። ሊ ዉልፍ የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ አጥማጅ በ6 ጫማ ዘንግ የአትላንቲክ ሳልሞን ይይዝ ነበር። ልምድ ያለው እጅ ነበር ግን። ጀማሪ ሰው ያንን አይቶ አይግዛ።

ሌላው ዕቃስ?

ብዙ አትጨነቁ። ማጠንጠኛው ገመድ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፣ ይህን የሚያክል ዓሣ በእጅ ገመድ እየተሳበ ይመጣልና። ቀላልና ርካሽ ይሁን። ገንዘባችሁን ዘንጉና ገመዱ ላይ አውሉት። ገመድ ስትገዙ ከሁለቱም ጫፍ እኩል የሚቀጥነውን ጠይቁ፤ አንዱ ጫፍ ሲያረጅ ገልብጣችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ሁለት ገመድ እንደ ገዛችሁ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታሰረው ቀጭን ክር ኤክስ በሚል ፊደል ይለካል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፦ 4 ኤክስ 0.18 ሚሊ ሜትር፣ 5 ኤክስ 0.15 ነው። ለጠባብ ጅረት 5 ኤክስ በቂ ነው። እየቀጠነ ሲሄድ ቅርንጫፍ ሲይዘው ዝንቡን ታጣላችሁ።

አንድ ብቻ ብገዛ የቱን?

ዲሲ አካባቢ ለሚኖርና ተራራ ላይ ለሚያጠምድ ሰው 7 ጫማ ወይም 7 ጫማ ተኩል፣ ቁጥር 3፣ ፋይበርግላስ ወይም ለስላሳ ካርቦን እላለሁ። 4 ቁራጭ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። 6 ጫማው ያምራል፣ ግን በጣም የተዘጋ ቦታ ካልሆነ የሚያሳጣው ይበዛል። ቁጥር 1 እና 2 ለሁለተኛ ዘንግ ይቆዩ።

ከመሄዳችሁ በፊት የቨርጂኒያን የማጥመድ ፈቃድ አውጡ፤ ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ያስፈልገዋል፣ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ፓርኩ ውስጥ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ባለ አንድ መንጠቆ ነው፤ ትል ወይም ሌላ ሕይወት ያለው መደለያ ይዛችሁ አትግቡ። የትኛው ጅረት ላይ ዓሣ ይዞ መሄድ እንደሚቻል፣ የትኛው ላይ መልቀቅ ግዴታ እንደሆነ ፓርኩ ዝርዝር አለው፣ አንብቡት።

እና ጫካ ውስጥ ስትሄዱ ዘንጉን ገልብጣችሁ፣ ጫፉን ወደ ኋላ እጀታውን ወደ ፊት አድርጋችሁ ያዙ። ወደ ፊት ያመለከተ ጫፍ ዛፍ ወይም መሬት ሲነካ ይሰበራል። ወደ ኋላ ያለው ግን እናንተ ባለፋችሁበት ቀዳዳ ተከትሎ ይወጣል።